ዓይናፋሯ አበባ እስክታወጣ

ባለፈው ሰሞን ከኦሎምፒያ የተሳፈርኩበት ታክሲ ካዛንቺስ ብሎ ሲያወርደኝ ረዳቱ የቀለደብኝ መስሎኝ ነበር። ተወልጄ ያደግኩበት ሰፈር ውስጥ ቆሜ ግራና ቀኙ ጠፋብኝ። የቀበሌ ቤቶቹ የሉም። ግቢያችንን ከነጎረቤቶቹ የዋጠ ሰፊ መንገድ ተዘርግቶ ዳርና ዳሩ አበባ ተተክሎበታል። ቧንቧችን የቱ ጋ እንደነበረ ለመገመት ሞከርኩና ተውኩት። ልናደድ ወይስ ደስ ይበለኝ፣ እስካሁን አልለየልኝም። ያንን ጭቃ ማን ይናፍቀዋል? ግን ደግሞ ሰው እንዴት ያደገበትን ቦታ ያጣል?

እዚያው ቆሜ መሐረብ ፍለጋ ቦርሳዬን ስከፍት፣ ለእናቴ የገዛሁት የዓይን ቅባት ክዳኑ ለቆ ያለኝን ነገር ሁሉ አጨማልቆታል። ሽታው ቫዝሊን ቫዝሊን የሚል፣ ከሥሩ ግን የሚመር ነገር ያለው ነው። ያንን ሽታ የማውቀው ከአንድ ክረምት ነው። ያን ክረምት እትዬ ዘነበች የዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን ሆነው፣ እኔ ደግሞ በእሳቸው ዓይን ፋንታ ስሠራ ነበር።

እትዬ ዘነበች የግቢያችን ትልቅ ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ሆነው ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ጣታቸው ግን ጡረታ መውጣቱን የሰማ አይመስልም። ሲያስቡ ጉልበታቸው ላይ፣ ሲቆጡ ጠረጴዛው ላይ ይጽፋሉ። ያላቸው አንድ ልጅ ነበር፣ ደረጀ። ጋምቤላ በኩል መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ካምፕ ውስጥ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። በሰኔ ለጥቂት ቀን መጣና ከደረት ኪሱ የክብሪት ቀፎ አወጣ። ውስጡ ጥቁር ጥቁር ፍሬ አለ።

«እማ፣ ይቺን ዝሪያት እስቲ» አላቸው። «መንገድ ዳር፣ ረግረጉ ላይ ነው ያገኘኋት። ቅጠሏን ስትነኪው እጥፍ ትላለች። ማለቴ፣ ልክ እንዳፈረ ሰው።»

«ስሟስ ማነው?»

«የሚያውቅ አላገኘሁም። ዓይናፋር በያት በቃ። አንድ ዓመት እንኳ አትቆይም አሉኝ፤ ትበቅላለች፣ ቢጫ አበባ ታወጣለች፣ ፍሬ ትሰጥና ትደርቃለች። ብርዱን ከቻለችው አበባ ስታወጣ መጥቼ አያታለሁ።»

በባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ዘሯት። ደረጀ ከሄደ በኋላ በቀለች። እትዬ ዘነበች ጣሳዋን ቀን በረንዳ ላይ፣ በረዶ ሲጥል ሮጥ ብለው ቤት፣ ማታ ደግሞ መስኮት ሥር ያደርጓታል። ለአራስ እንኳ እንደዚያ የሚጠነቀቅ አላየሁም። ቅጠሏ የማበጠሪያ ጥርስ ይመስላል፤ ትንንሽ፣ ጥንድ ጥንድ ሆኖ በቀጭን ዘንግ ላይ የተደረደረ። መጀመሪያ በጣቴ ነካ ሳደርጋት ጥንዶቹ አንድ በአንድ ተጣበቁና ዘንጉ አንገቱን ደፋ። ጮህኩ።

«ሞተች!»

«አልሞተችም የኔ እናት» አሉኝ እትዬ። «ነካሻታ። ትንሽ ታገሺያት፣ ትመለሳለች።»

እውነትም ተመለሰች። ግን ምን እንዳሳፈራት ሊያስረዳኝ የቻለ ሰው አልነበረም። እኔን ነው ያፈረችው? እጄን ታጥቤ ሞከርኩ፤ ያው ናት። ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ሌላ ሥራ አልነበረኝምና ቀኑን ሙሉ ሳሳፍራት እውል ነበር።

በነሐሴ እትዬ ኦፕራሲዮን ሆኑ። አንዱ ዓይናቸው በፋሻ ተሸፈነ፤ ሌላኛውም ቢሆን ጥላና ብርሃን ከመለየት አያልፍም ነበር። ሐኪሙ አያጎንብሱ፣ ከባድ አያንሱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አያልቅሱ ብሎ አዘዘ። ስፌቱ እስኪጠግግ ድረስ ካለቀሱ ዓይኑ ይበላሻል። እኔ ቅባቱን የማቀብል፣ ቧንቧው ድረስ የምመራና ዓይናፋሯን ውሃ የማጠጣ ሆኜ ተመደብኩ። በየማለዳው ጥያቄያቸው አንድ ነው።

«ሐኒ፣ አበባ አወጣች?»

«ገና ነው እትዬ።»

በዚያው ነሐሴ የደረጀ መኪና ተገለበጠና ሞተ። ይህን ያኔ አላውቅም ነበር፤ ከእኔና ከእትዬ በቀር ግን ግቢው በሙሉ ያውቅ ነበር። ወሬው የመጣው በጋሽ ሳቢር ስልክ ነው። ጋሽ ሳቢር ግቢያችን በር ላይ ሱቅ የነበራቸው፣ ለሰፈሩ ሁሉ ስልክ የሚያስደውሉ የወልቂጤ ሰው ናቸው። እናቴ፣ አባቴ፣ ጋሽ ሳቢርና የዕድሩ ሽማግሎች ተቀምጠው መከሩ። መርዶ እንደማንኛውም ወሬ ተሮጦ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ማለዳ በር ተንኳኩቶ፣ የሚደግፍ ሰው አጠገብ ቆሞ ነው የሚነገረው። እትዬ ደግሞ ማልቀስ የለባቸውም። ስለዚህ ዓይናቸው እስኪድን ድረስ ደረጀ በሕይወት እንዲቆይ ተወሰነ። አባቴ ለሥራ ነው ተብሎ ጋምቤላ ሄዶ ቀብሮት መጣ።

እኔ የማየው ሌላ ነገር ነበር። ሴቶቹ ቧንቧው ጋ ተሰብስበው ሲያወሩ፣ እትዬን እጃቸውን ይዤ ብቅ ስል ወሬው ቀጥ ይላል። ሁሉም አንገቱን ይደፋል። አንዷ ባልዲዋን ታያለች፣ አንዷ ነጠላዋን ታስተካክላለች። እኛ አልፈን ስንሄድ ቀስ በቀስ ቀና ይላሉ። ይህንን ነገር የት ነው ያየሁት ብዬ ብዙ አልተጨነቅሁም፤ ዓይናፋሯ አስተላልፋባቸዋለች። ጉንፋን ይተላለፍ የለ?

ለማረጋገጥ እናቴን መረጥኩ። ጎመን ስትቀነጥስ ከኋላዋ ሄጄ ክንዷን በአንድ ጣቴ ነካ አደረግኩት። ዞር ብላ አየችኝና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ሂጂ፣ ሂጂ ተጫወቺ!» አለችኝ ፊቷን በክንዷ እየጠረገች። በቃ፣ ተላልፎባታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይናፋሯን ከነካሁ በኋላ በሳሙና መታጠብ ጀመርኩ።

«እትዬ ካለቀሱ ዓይናቸው ይጠፋል» የሚለውን ትእዛዝ ደግሞ ከሁሉም ሰው በላይ የያዝኩት እኔ ነኝ። ቤታቸው ሽንኩርት አይከተፍም። ጭስ ካየሁ በር እዘጋለሁ። ጎረቤት ራዲዮ ላይ አንጀት የሚበላ ዘፈን ሲለቀቅ መስኮቱን አንኳኩቼ «ቀይሩት!» እላለሁ። ሰዎቹ ሳይቆጡኝ ይቀይሩታል፤ ይህም ግራ ያጋባኝ ነበር። በሌላ ጊዜ ቢሆን ጆሮዬን ነበር የሚይዙኝ።

አባቴ ከጋምቤላ ሲመለስ ጺሙ አድጎ ነበር። ሐዘንተኛ ወንድ እንደማይላጭ አላውቅም ነበር። ሰላም ሊላቸው ሲገባ እትዬ እንደ ልማዳቸው ጉንጩን ሊስሙት ፊቱን በእጃቸው ያዙት። ጣቶቻቸው ጉንጩ ላይ ቆሙ።

«ምነው ተስፋዬ፣ ጺም አሳደግህ?»

«ኧረ... እዚያ ምላጭ ጠፍቶ ነው እትዬ።»

«ጋምቤላ ምላጭ የለም?»

«ጠፍቶ ነው እንጂ መኖርስ ነበር።»

ደረጀን አገኘኸው ወይ ብለው አልጠየቁትም። አባቴ በቀላሉ የሚዋሽ ሰው አይደለም፤ ቤት ሲገባ ላብ አጥምቆት ነበር። እናቴ ሳትቀመጥ ምላጭ አመጣችለት። እሱ አልላጭም ይላል፣ እሷ ትለምነዋለች፣ ሁለቱም በሹክሹክታ ይጣላሉ። አንድ ሰው ጺሙን ስለመላጨት እንዴት ያለቅሳል? ተላጨና ጀርባውን ሰጥቶን ተኛ።

ደረጀ ቀድሞ እሑድ እሑድ ጋሽ ሳቢር ሱቅ ይደውል ነበር። እትዬ እሑድ ሲሆን ክንዴን ይዘው ሱቁ ውስጥ የለስላሳ ሣጥን ላይ ይቀመጣሉ። ጋሽ ሳቢር ስልኩ ተበላሽቷል አሉ። ጠረጴዛው ላይ የለም፤ ቦታው ላይ የብስኩት ካርቶን ተቀምጧል። እትዬ ግን ተቀመጡ፣ ጉልበታቸው ላይም መጻፍ ጀመሩ።

«ምን እየጻፉ ነው እትዬ?» አልኳቸው።

«ለደረጀ ነዋ። ስልኩ ከተበላሸ ምን ላድርግ?»

ይህን ጊዜ ከሱቁ ጥግ፣ ከጋሽ ሳቢር አልጋ ሥር፣ ከብርድ ልብስ ውስጥ የታፈነ ጩኸት ተሰማ። ጋሽ ሳቢር ሳል ጀመራቸው። ራዲዮኑን ከፍ አደረጉት፤ እሱም ባትሪ ጨርሷል።

«ሳቢር፣ ምንድነው የሚጮኸው?»

«ድመት ናት እትዬ! ካርቶን ውስጥ ወልዳ... ወላሂ፣ አስቸገረችኝ።»

ወላሂ ብለው ሲምሉ ድምፃቸው ተሰበረ። እኔ ዘልዬ ተነሳሁ፤ የድመት ግልገል አምጡልኝ እያልኩ የኖርኩ ልጅ ነኝ። እትዬ ግን ክንዴን አልለቀቁትም። «ተያት» አሉኝ። «ትጩህ እስቲ፣ ሲደክማት ትተዋለች።» ሦስታችንም አዳመጥን። ስልክ ልክ ነው የሚመስለው፤ እንደ ስልክ የሚጮህ ድመት አለ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ሲያበቃ እትዬ ተነሱ፤ ሱቁ ውስጥ ለመጠበቅም ዳግመኛ አልሄዱም። እኔ ጋሽ ሳቢርን እስከ መስቀል ድረስ በድመቶቹ አስጨነቅኳቸው። ሌላ ቦታ ፈልገው እውነተኛ ድመት ሊያመጡልኝ ምንም አልቀራቸውም ነበር።

ጳጉሜን አካባቢ አንድ ማለዳ ዓይናፋሯ ላይ አበባ አየሁ። ቢጫ፣ የጥፍሬን ያህል። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ደረጀ ሊመጣ ነው! «እትዬ!» ብዬ አፌን ስከፍት ከኋላዬ የእናቴ እጅ አፌን ያዘው። እየጎተተች ወደ ቤታችን ጥግ ወሰደችኝ።

«ገና ነው በያቸው።»

«አብባለች እኮ እማዬ! በዓይኔ አየሁ!»

«ገና ነው አልኩሽ!» አለችና ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ዋሸሽ ብላ ስትቆነጥጠኝ የኖረች እናት እውነት በመናገሬ ቆነጠጠችኝ። ከሕመሙ ይልቅ ነገሩ ነው ያስለቀሰኝ። እሷም አለቀሰች። ከዚያ የሠራችው ደግሞ የባሰ ነበር፤ አበባውን ቀነጠሰችና ጡቷ ሥር ሸጎጠችው። እትዬ ጣሳውን በጣታቸው የሚዳብሱ ሰው ናቸውና ጣታቸው እንዳያገኘው ብላ ነው። ያኔ ግን እናቴ ትንሽ ያበደች መሰለኝ፤ ለአባቴ ልንገር ወይስ አልንገር እያልኩ ተጨነቅኩ። በየማለዳው ከእኔ ቀድማ ትነሳለች። በየማለዳውም እትዬ ይጠይቁኛል፣ እኔም ወደ እግሬ ጣት እያየሁ «ገና ነው» እላለሁ። አሁን እውነቴን ነበር፤ አበባ የለም። እውነት ስናገር ለምን እንደማፍር ግን አይገባኝም ነበር።

እንቁጣጣሽ አለፈ። እትዬ በዓሉን ያለ ልጃቸው ዋሉ፤ ግቢው ሁሉ ድፎውንና ዶሮውን ይዞ ቤታቸው ሞላ። ሰው ከመጠን በላይ ይስቃል። ጋሽ ሳቢር እንኳ ለእሳቸው ለብቻ የተጠቀለለ ከረሜላ አመጡላቸው። እትዬ ሁሉንም መረቁ።

በበነጋው ፀሐይ ላይ ጣሳውን አቅፈው ተቀምጠው ቅጠሏን ይዳብሱ ነበር። ቅጠሎቹ ይታጠፋሉ፣ እሳቸው ይጠብቃሉ፣ ሲዘረጉ እንደገና ይነኳቸዋል። ድንገት ጣታቸው ከሥር በኩል አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ሐኒ፣ ይሄ ምንድነው?»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ቅጠል ውስጥ የተደበቀች፣ እንደ አተር እሸት ያለች፣ ጠፍጣፋና ቀጭን ነገር ናት። እናቴ አላየቻትም፤ እኔም አላየኋትም ነበር።

«ፍሬ ናት መሰለኝ እትዬ።»

«ፍሬ?»

«አዎ። ውስጧ ጥቁር ጥቁር አለ።»

«አበባስ?»

«ገና ነው» አልኩ።

እትዬ ፍሬዋን ቀጠፏት። በሁለት ጣታቸው አሻሿት፣ እስክትሰበር ድረስ ጫኗት፣ ፍሬዎቹ መዳፋቸው ላይ ሲበተኑ እጃቸውን ጨበጡ። እጃቸውን እንደጨበጡ ብዙ ቆዩ፤ ፀሐይዋ ከበረንዳው እስክትወጣ። አላለቀሱም። እኔ ፋሻውን እያየሁ ነበርና እርግጠኛ ነኝ፣ አላለቀሱም። በኋላ «ጎበዝ ልጅ ነሽ፣ እናትሽ ያለችሽን ትሰሚያለሽ» አሉኝ። ከዚያ ቀን በኋላ አበባ አወጣች ወይ ብለው አልጠየቁኝም። እኔ ከጥያቄው በመገላገሌ ደስ ብሎኝ እየዘለልኩ ወደ ጨዋታዬ ሄድኩ።

አውቀው ነበር? እናቴን ዛሬም ስጠይቃት ትቆጣለች። «በምን ያውቃሉ? እኔ ነኝ እኮ ስጠብቃቸው የነበርኩት!» ትለኛለች። አባቴ ደግሞ በሕይወት እያለ፣ ጺሙን የዳበሱ ዕለት ነው ያወቁት ይል ነበር። ካወቁ ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ለዓይናቸው ሳስተው? ለእኛ አዝነው? ወይስ እሳቸውም እንደ እኛ፣ ደረጀ ትንሽ እንዲቆይላቸው ፈልገው? እኔ ይኸው በዚህ ዕድሜዬ አንዱን ይዤ አንዱን እጥላለሁ፣ በማግሥቱ የጣልኩትን አነሳለሁ።

ከመስቀል በኋላ ሐኪሙ ፋሻውን አነሳ፤ ዓይናቸው ድኗል አለ። በነጋታው ማለዳ በእግር ኮቴ ነቃሁ። በሩን ከፈት አድርጌ ሳይ ግቢው ሰው ሞልቶታል። ሁሉም ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል፤ እናቴ፣ አባቴ፣ ጋሽ ሳቢር፣ የማላውቃቸው ሽማግሎች። እትዬ ዘነበች ቀድመዋቸው ተነስተው ኖሯል። በረንዳቸው ላይ ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው ጣሳዋ ላይ አጎንብሰዋል። ዓይናፋሯ ያኔ ግንዷ እየደረቀ፣ ቅጠሏ እየረገፈ ነበር።

አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እንደምን አደሩ እትዬ...»

«ይቺን ውሃ ላጠጣት» አሉ እትዬ ሳይዞሩ። «ሐኒ! ነቅተሻል? ውሃ አምጪልኝ።»

ሥራዬ ነውና በባዶ እግሬ ሮጬ በጆግ ቀድቼ አመጣሁ። ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው አፈሰሱት። ሽማግሌው አንድ እርምጃ ወደፊት አሉ።

«ጨምሪልኝ የኔ እናት።»

ጨመርኩ። ሽማግሌው ቆሙ። ጣሳዋ ሞልታ ውሃው በረንዳው ላይ ይፈስሳል፣ ከበረንዳው ወደ ሰዎቹ ጫማ ይወርዳል፤ ማንም ጫማውን አላነሳም። «ጨምሪ» ይሉኛል፣ እሮጣለሁ፤ «ጨምሪ» ይሉኛል፣ እሮጣለሁ። ያን ሁሉ ሰው ፊት አቁመው እኔን ብቻ ስለሚያዙኝ ኩራት ኩራት አለኝ። እናቴ ከንፈሯን ነክሳ ታየኛለች፤ ቢሆንም ተይ አላለችኝም። ደግሞ ስመለስ ቧንቧው አንድ ሁለቴ ተፋና ቀጥ አለ። ጆጉ ባዶ ነው።

«ውሃው ቆመ፣ እትዬ።»

እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። «ቆመ?»

«ከጋሽ ሳቢር በርሜል ልቅዳ? እሮጣለሁ!»

«ተዪው የኔ እናት፤ ይበቃታል» አሉና ወደ ሰዎቹ ዞሩ።